ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ያቺን የረጋች ደም አትንኳት

ጥርሱን የተነቀለ ሰው ከክሊኒክ ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል። አፉ ውስጥ የነከሳት ጎዝ እና እጁ ላይ ያለች የመድኃኒት ማዘዣ። ቤት ሄዶ ምን ማድረግና ምን አለማድረግ እንዳለበት ቁጭ አድርጎ የነገረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ቢኖርም የነገረው ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ፣ ልቡ ገና እየመታ፣ መቼ ነው ከዚህ ወንበር የምነሳው እያለ ባለበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የተባለውን ማን ይይዛል?

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት የታችኛውን መንጋጋ ጥርሱን አስነቀለ። ነቀላው 20 ደቂቃ እንኳን አልፈጀም፣ ብዙም አላመመውም። ታክሲ ውስጥ አፉ ደም ሲሞላበት በፌስታል እየተፋ መጣ። ቤት ሲደርስ እናታችን ጨው ያለው ሙቅ ውኃ አዘጋጅታ ጠበቀችው። "በል ቶሎ ተጉመጥመጥ፣ እንዳያመግልብህ" አለችው። ተጉመጠመጠ። ማታ ደግሞ አንድ ጎረቤታችን በመለኪያ አረቄ ይዘው መጡ። "ትንሽ ያዝበት ልጄ፣ ጀርሙን ይገድለዋል" አሉት። እሱንም ያዘበት። ሁሉም ያደረጉት ስለሚወዱት ነው። በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ። ህመሙ ከተነቀለበት ቦታ ተነስቶ ጆሮ ግንዱ ድረስ ይጠዘጥዘዋል። "ጥርሱ እያለ እንኳን እንዲህ አላመመኝም" አለኝ። በስልክ መብራት አፉን አየሁለት። ጉድጓዱ ባዶ ነው፣ ከውስጡ ነጣ ያለ አጥንት ይታያል፣ ትንፋሹም ተቀይሯል።

ይሄ ነገር ስም አለው። የጥርስ ሐኪሞች ድራይ ሶኬት ይሉታል፤ የደረቀ ጉድጓድ ማለት ነው። ለምን እንደሚመጣ ከገባችሁ ከነቀላ በኋላ የሚሰጠው ምክር ሁሉ አንድ በአንድ ትርጉም ይሰጣችኋል።

ጥርስ ሲነቀል መንጋጋ አጥንት ውስጥ ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱ ወዲያው በደም ይሞላል፣ ደሙም በደቂቃዎች ውስጥ መርጋት ይጀምራል። የረጋው ደም ሲታይ አስቀያሚ ነው። ጥቁር ቀይ፣ እንደ ጉበት ቁራጭ ያለ፣ ምላስ ሲነካው የሚያንሸራትት። ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለውና ሊያወጣው ይታገላል። ግን ያ ነገር የቁስሉ ክዳን ነው። አጥንቱንና ነርቩን ከምግብ፣ ከአየር፣ ከባክቴሪያ ይሸፍናል። ከዚያም አልፎ ለሚመጣው ሥጋ መሠረት ይሆናል፤ አዲሱ ሥጋ የሚያድገው እሱን ተከትሎ ነው። ክዳኑ ከተነሳ ወይም ከሟሟ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። የወንድሜ ህመም ከዚያ የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከነቀላው በኋላ ባሉት ከ2 እስከ 4 ቀናት ውስጥ ነው። ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ወደ ሥራው በተመለሰበት ሰዓት ማለት ነው።

ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። በተለመደው ነቀላ ከ100 ሰው ከ1 እስከ 5 ቢሆን ነው። ከሁሉም ኋላ የሚበቅለው የታችኛው መንጋጋ፣ ዊዝደም የምንለው፣ ሲነቀል ግን ቁጥሩ በጣም ይጨምራል፤ አንዳንድ ጥናቶች ከ100 ሰው እስከ 30 ሰው ያደርሱታል። የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው በ3 እጥፍ ገደማ ይጋለጣል። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶችም ከሌሎች በላይ ያገኛቸዋል፤ ስለዚህ ከመነቀላችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት።

ወደ እናቴ ጨው ውኃ ልመለስ። እናቴ አልተሳሳተችም። ጨው ያለው ለብ ያለ ውኃ ለተነቀለ ጥርስ ጥሩ ነው፣ በብዙ አገር ያሉ የጥርስ ሐኪሞች የሚመክሩት ነው። የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት መጉመጥመጥ የለም። በጨውም፣ በንጹሕ ውኃም፣ ከፋርማሲ በተገዛ የአፍ ማጠቢያም። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አሟሙ፣ አፋችሁ ውስጥ ያዙት፣ ጭንቅላታችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጉና ዝም ብላችሁ ወደ መታጠቢያው ይፍሰስ። ጉንጭን ነፋ እያደረጉ ማንቋቋት የለም፣ በኃይል መትፋት የለም። ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል።

መትፋት ስል፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምራቅ ከደም ጋር ይመጣል። ትንሽ ደም ከብዙ ምራቅ ጋር ሲደባለቅ አፍ ሙሉ ደም ይመስላል፣ ሰው ይደነግጣል፣ ይተፋል። በተፋ ቁጥር አፉ ውስጥ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል፣ የረጋውም ደም ይነቀላል። ከዚያ እንደገና ይደማል። እንደገና ይተፋል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ያደረ ሰው አውቃለሁ። ማድረግ ያለባችሁ ተቃራኒውን ነው። ጎዙን ጉድጓዱ ላይ በትክክል አስቀምጡና ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጥብቅ አድርጋችሁ ንከሱት። በየ5 ደቂቃው እያወጡ ማየት አይረዳም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ካልቆመ ሌላ ንጹሕ ጎዝ በውኃ ርጠብ አድርጋችሁ ለሌላ ግማሽ ሰዓት ንከሱ። ጎዝ ካለቀባችሁ አንድ ከረጢት የሻይ ቅጠል በውኃ አርሱት፣ ጨምቁትና ንከሱት። ጥቁር ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ነገር ደም እንዲረጋ ያግዛል። ምራቁን ዋጡት። ትንሽ ደም ቢዋጥ አይጎዳችሁም።

ጁስ በስትሮ መምጠጥም ያው ነው፣ ሲጋራ መሳብም፣ ሺሻም። ማደንዘዣው እስኪለቅ፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል፣ ምንም አታኝኩ፤ ከንፈራችሁንና ምላሳችሁን ስትነክሱ አይሰማችሁም። ሕፃን ያስነቀላችሁ ደግሞ ዓይናችሁን ከልጁ ላይ እንዳታነሱ። የደነዘዘ ከንፈር ለልጅ መጫወቻ ነው፣ እየነከሰ ያቆስለዋል። ማታ ስትተኙ ትራስ ከፍ አድርጉ፣ ትራሱ ላይ የማትሳሱለት ጨርቅ ጣል አድርጉ። በመጀመሪያው ቀን በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከውጭ ጉንጫችሁ ላይ 20 ደቂቃ ያዙ፣ 20 ደቂቃ አሳርፉ። ዕብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፣ አትደንግጡ። ጥርሳችሁን መቦረሽ ግን አታቋርጡ። የተነቀለውን አካባቢ ብቻ ዝለሉ። በመፋቂያ የምትጠቀሙም ለጊዜው በዚያ በኩል አትድረሱ፣ የእንጨቱ ጭረት ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

ስለ አረቄው አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በየቤቱ የሚሰጥ ምክር ነው። አልኮል ጀርም ይገድላል፣ እውነት ነው። አፍ ውስጥ የተያዘ አረቄ ግን ክፍት ቁስልን ያቃጥላል፣ የደም ስሮችን ያሰፋል፣ የረጋውን ደም ያዳክማል። ጠጅም፣ ቢራም፣ ሁሉም ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ይቆዩ። ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘላችሁ ደግሞ መድኃኒቱን እስክትጨርሱና ከዚያም በኋላ ለ2 እና 3 ቀናት አልኮል ጭራሽ አትቅመሱ፤ ማስታወክና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትል ይችላል ተብሎ ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጫትም እንዲሁ። አንድ የሚቅም ጓደኛዬ "በሌላኛው ጉንጬ ነው የምይዘው" ብሎኝ ነበር። አይሆንም። ቅጠሉ ሲታኘክ ደቅቆ በአፍ ውስጥ ሁሉ ይሄዳል። ለሰዓታት ምራቅ እየተመጠጠ ነው። ጫት የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ያለ ግፊት ደግሞ የቆመውን ደም መልሶ ያስጀምረዋል። ላዩ ላይ ሲጋራው አለ፣ ለስላሳው አለ፣ ኦቾሎኒው አለ። እባካችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት ተዉት። ሱሱ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን የድራይ ሶኬት ህመም ከሱሱ ይከብዳል።

ምግብ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። አጥሚት፣ ቀዝቀዝ ያለ ገንፎ፣ እርጎ፣ ሙዝ፣ በማንኪያ የሚበላ አቮካዶ፣ ሳይቃጠል የቀረበ አልጫ ሽሮ በእንጀራ፤ ሁሉም ቤት ያሉ ናቸው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከበርበሬው፣ ከሚጥሚጣውና ከአዋዜው ነው። ከትኩሱም። ቡና በመጀመሪያው ቀን ይለፋችሁ፣ ከዚያ በኋላም ለብ ብሎ ይሁን፤ ትኩስ ነገር የረጋውን ደም ያሟሟል። ከቡናው ጋር የሚመጣው ቁርስ ደግሞ ዋናው ችግር ነው። ቆሎ ድድ ይወጋል። የፈንዲሻ ቅርፊት እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይለጠፋል፣ አይታይም፣ ከቀናት በኋላ ያመግላል። አንድ ሁለት ሳምንት ስኒያችሁን ብቻ ያዙ።

ጾም ላይ የሆነ ሰውም ይጠይቃል። አጥሚቱም፣ ሽሮውም፣ አቮካዶውም የጾም ነው፤ አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። ባዶ ሆድ መነቀል ራሱ ጥሩ አይደለም፣ ሰው ይጥላል። ህመም ማስታገሻውም ብዙው ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። በክርስትናውም በእስልምናውም ለታመመ ሰው መንገድ አለ፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኡስታዛችሁን አማክሩ፣ ካልሆነም አጣዳፊ ካልሆነ ነቀላውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ አድርጉት።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ ጥርስ ታመመ ማለት አሞክሳሲሊን ማለት ሆኗል። "አሞክሳ ስጠኝ" ብሎ ፋርማሲ መግባት ፓስቲ እንደመግዛት ቀሏል። በሕጉ ያለ ማዘዣ አይሸጥም፣ ይሸጣል ግን። ከነቀላ በኋላም ብዙው ሰው መድኃኒቱ እሱ ነው ብሎ ያምናል፣ የሚከላከለውም የሚያድነውም እሱ ነው ብሎ። እንደዚያ አይደለም። ጤነኛ ሰው ላይ ለተደረገ ተራ ነቀላ አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። አስቸጋሪ በሚባለው በዊዝደም ነቀላ እንኳን፣ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ፣ አንድ ሰው ከኢንፌክሽን እንዲድን 19 የሚሆኑ ጤነኞች መድኃኒቱን መውሰድ አለባቸው። 18ቱ የሚያገኙት ነገር የለም፤ ተቅማጥ ወይም አለርጂ የሚይዘው ግን ከነሱ መካከል ይኖራል። ድራይ ሶኬትን ደግሞ አሞክሳሲሊን አያድነውም፣ ምክንያቱም ችግሩ የተገለጠ አጥንት እንጂ ዋናው ኢንፌክሽን አይደለም። ወንድሜ ሦስት ቀን ሙሉ አሞክሳሲሊን እየዋጠ ነበር ያመመው።

ባክቴሪያዎች መድኃኒት እየለመዱ መምጣታቸው የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ እንደሞቱ ተገምቷል፣ ከሁሉም በላይ የተጎዳውም ከሰሃራ በታች ያለው የአፍሪካ ክፍል ነው። እና ዛሬ ለማያስፈልገው ጥርስ የዋጥነው አሞክሳ ነገ ለልጃችን የሳንባ ምች ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። ይሄ ሲባል ሐኪሙ አይቶ ያዘዘላችሁን ጣሉት ማለት አይደለም። መግል ካለ፣ ትኩሳት ካለ፣ የስኳር ሕመማችሁ በቁጥጥር ሥር ካልሆነ፣ ሐኪሙ ምክንያት አለው። ጠይቁት ብቻ። "ይሄ ለምንድን ነው?" ማለት ነውር አይደለም።

ለህመሙ ፓራሲታሞል ጥሩ ነው። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙን 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ፤ የጉበት ችግር ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪም ይንገረው። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር ሲጨመርበት ደግሞ ሁለቱ አብረው ከእያንዳንዳቸው የተሻለ ይሠራሉ። ግን ጨጓራ ያለበት ሰው አገሩን ሞልቶታል። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ አስም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ አይቡፕሮፌንን ሳትጠይቁ አትንኩ። ዲክሎፌናክም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጨጓራን እጥፍ መጉዳት ነው። ለህመሙ ብላችሁ አስፒሪን አትውሰዱ፣ መድማቱን ያበዛል። አስፒሪን ወይም ነጭ ሽንኩርት ድዱ ላይ ማስቀመጥም ሥጋውን ያቃጥለዋል።

ቅርንፉድን የሚጠይቁኝ አሉ። የሚገርመው ነገር ድራይ ሶኬት ሲይዛችሁ ሐኪሙ ጉድጓዱን በጨው ውኃ አጥቦ የሚያስቀምጠው ማስታገሻ ብዙ ጊዜ ዩጂኖል አለበት፤ ዩጂኖል ማለት ደግሞ የቅርንፉድ ዘይት ዋናው ክፍል ነው። ጥርስ ክሊኒክ ስትገቡ የሚቀበላችሁ ሽታ እሱ ነው። ወንድሜም በዚያ ነው የዳነው፣ አንድ ሰዓት አልሞላም ህመሙ ሲቀንስለት። አያቶቻችን ቅርንፉድን ለጥርስ ሲይዙት የነበረው እንዲሁ አልነበረም። ግን ፍሬውን ወቅጦ ክፍት ጉድጓድ ውስጥ መጠቅጠቅ ሌላ ነገር ነው። ስብርባሪው እዚያው ይቀራል።

ከነቀላው በፊት የግድ መናገር ያለባቸው ሰዎች አሉ። እኛ አገር በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭ የተጎዳበት ወጣት ብዙ ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተከለለት ሰው ከነቀላው በፊት መከላከያ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፣ ለእሱ ቅንጦት አይደለም፤ ከአፍ የሚነሳ ባክቴሪያ በደም ሄዶ ቫልቩ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ዋርፋሪን የተባለ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ጥርስ ልነቀል ነው ብሎ በራሱ ዋርፋሪኑን ማቆም ግን ከመድማቱ የባሰ አደጋ ነው። የደም መርጋት ምርመራውን አሠርቶ ውጤቱን ይዞ ይሂድ፣ ሁለቱ ሐኪሞች ይነጋገሩ። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባችሁም የዚያን ቀን ጠዋት መድኃኒታችሁን ሳትውጡ አትሂዱ።

ከውጭ ለእረፍት መጥታችሁ ጥርስ የምታሠሩም አላችሁ፣ እዚህ ዋጋው ስለሚቀል። ነቀላውን ለመመለሻችሁ ዋዜማ አታቆዩት። ድራይ ሶኬት በ3ኛው ቀን ሲመጣ አውሮፕላን ላይ ወይም ዲሲ ደርሳችሁ ቀጠሮ ስትፈልጉ ያገኛችኋል። የላይኛው መንጋጋ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ከአፍንጫ ጎን ካለው ባዶ ቦታ ጋር ይጠጋጋል። ውኃ ስትጠጡ በአፍንጫችሁ ከመጣ ለሐኪሙ ቶሎ ንገሩ፣ እስከዚያው አትናፈጡ።

ከ2 እና 3 ቀን በኋላ ጉድጓዱ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ነገር ይታያል። መግል መስሏቸው በጥጥ የሚጠርጉት አሉ። አዲስ የሚያድግ ሥጋ ነው፣ ተዉት። መግል ከሆነ ይሸታል፣ ይፈሳል፣ ህመሙም እየጨመረ ይሄዳል። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ጎዝ ደጋግማችሁ ነክሳችሁ የማይቆም ደም፣ ወይም ቀኑ ካለፈ በኋላም ያልለቀቀ የከንፈር መደንዘዝ ካለ ወደ ነቀለላችሁ ሐኪም ተመለሱ። አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ዕብጠቱ ከአገጭ ሥር ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከሄደ፣ መተንፈስ ከከበደ ግን ነገ ብላችሁ አትደሩ፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። በጥርስ ሰው አይሞትም የሚባለው ውሸት ነው።

ባለሙያዎቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። በር ላይ 30 ሰው ተሰልፎ የሚጠብቃቸው ሰዎች ናቸው። ግን አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በየአካባቢው ቋንቋ አትሞ መስጠት ብዙ ወጪ የለውም። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ አብሯቸው የመጣውን ሰው ጠርቶ 2 ደቂቃ መንገር ነው። ወንድሜን የነቀለው ክሊኒክ ያንን 2 ደቂቃ ቢሰጠን ኖሮ እናቴም ጨው ውኃውን ለማግስቱ ታቆየው ነበር። እናንተም ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። ያልደነዘዘ ሰው ይስማላችሁ፣ ስልክ ቁጥራቸውንም ይቀበል።

ድዱ በ2 እና በ3 ሳምንት ይገጥማል፣ አጥንቱ ግን ጉድጓዱን ለመሙላት ወራት ይወስዳል። በመሙላት ላይ እያለም ይሳሳል። በ12 ወራት ውስጥ የመንጋጋው ውፍረት በዚያ ቦታ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ የቅነሳውም አብዛኛው ክፍል በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው የሚሆነው። ስለዚህ ጥርስ ለማስተከል ወይም ለማስተካት የምታስቡ ከሆነ ቁስሉ ይዳንና ከዚያ አያለሁ አትበሉ፣ በነቀላው ቀን ጠይቁ። ወንድሜ አልጠየቀም ነበር። አሁን ዓመት ሊሞላው ነው፣ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው፣ ከላይ ያለው ጥርሱም ወደ ባዶው ቦታ መውረድ ጀምሯል። በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አለው፤ አብሬው እሄዳለሁ።